አንድ ኩንታል ቅጠል፣ አንዲት ጠርሙስ ዘይት

ለቅቤ ማንጠሪያ ካስቀመጡት ኮሰረት አንድ ደረቅ ቅጠል ያንሱና በሁለት ጣትዎ መካከል አሸት አሸት ያድርጉት። ሳይነካ ሳለ ጠረኑ ለዘብ ያለ ነበር፤ ከታሸ በኋላ ግን እጅዎን ቢታጠቡም ቶሎ አይለቅዎትም። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው፤ የጨመሩበት ነገር የለም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ገጹ ላይ ተሰድረው የነበሩ፣ በዓይን የማይለዩ ከረጢቶችን ማፈንዳት ነው። አማርኛ ማሸትንና ማሽተትን እንዲህ ማጎራበቱ ድንገት ይሁን አይሁን የቋንቋ ሊቃውንት ይነጋገሩበት፤ የመዓዛማ ዕፅዋትን ዝርያ የሚያሻሽል ባለሙያ ግን ሥራውን የሚጀምረው በእነዚሁ ሁለት ግሦች ነው። ከመደብ መደብ እየዞረ ያሻል፣ ያሸታል፣ ይመዘግባል፤ እንደገና ያሻል።

ከረጢቶቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። በናና ቅጠል ላይ ዋናዎቹ የዘይት ከረጢቶች እያንዳንዳቸው ስምንት ሠሪ ሕዋሳት አሏቸው። ስምንቱ መሶብ ከበው እንደተቀመጡ ቤተሰቦች ክብ ሠርተው ይደረደራሉ። የሠሩትን ዘይት ከላያቸው ባለው ስስ ሽፋን ሥር ያጠራቅማሉ፤ ዘይቱ በበዛ ቁጥር ሽፋኑ እንደ ፊኛ ይነፋል። በሶብላ፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል የናና ዘመዶች ስለሆኑ ከረጢታቸው ተቀራራቢ ነው። ጠጅ ሳር ግን ዘይቱን በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ይደብቃል፤ ድንብላልና እንስላል ደግሞ ፍሬያቸው ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቦዮች ይይዙታል። ተክሉ ይህን ሁሉ የሚለፋው ለወጣችንና ለሻያችን ብሎ አይደለም። ነፍሳት እንዳይበሉት፣ ከብት እንዳይግጠው፣ ሻጋታ እንዳይነካው ነው። እኛ የምናጣፍጥበት ነገር ለእሱ የጦር መሣሪያው ነው።

ዘይቱ የሚወጣበት መንገድ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሁሉ ግማሹን ያውቀዋል። ማሰሮው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በሸንበቆው ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተዘፈዘፈው ዕቃ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ የሚጠበቀው አልኮል ሳይሆን ዘይት መሆኑ ነው፤ ዘይቱም ከውኃው ስለማይዋሐድ ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ይቀዳል። ከአንድ ኩንታል እርጥብ ናና ወይም ጠጅ ሳር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ግራም ነው። የደማስቆ ጽጌረዳማ የባሰች ናት፤ አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎ አበባ ይፈጃል። የታጨደው፣ የተሸከሙት፣ ማገዶ አንድደው የቀቀሉት ሁሉ ከ99 በመቶ በላይ የሚጣል ነው ማለት ነው።

ታዲያ «ምርታማ ዝርያ» ስንል ምኑን ነው?

ለጤፍ ወይም ለስንዴ መልሱ ቀላል ነው፤ ኩንታሉ ይመዘናል። እዚህ ግን ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ዘይት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ የቅጠሉ ክብደትና በቅጠሉ ውስጥ ያለው የዘይት መጠን። ለምሳሌ ያህል አንዱ ዝርያ 200 ኩንታል እርጥብ ቅጠል ሰጥቶ የዘይቱ መጠን 0.3 በመቶ ቢሆን 60 ኪሎ ዘይት ይወጣዋል። ሌላው 120 ኩንታል ብቻ ሰጥቶ 0.45 በመቶ ዘይት ቢይዝ 54 ኪሎ ይሰጣል። በሄክታር ከተቆጠረ የመጀመሪያው አሸንፏል። ግን ለስድስት ኪሎ ዘይት ብሎ 80 ኩንታል ትርፍ ቅጠል ማጨድ፣ ማጓጓዝና መቀቀል ያስፈልጋል። ማገዶ ውድ በሆነበት አገር ለዘይት አውጪው የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው። ቅጠሉን በኪሎ ለሚሸጠው ገበሬ ደግሞ የመጀመሪያው። ማሳው አንድ፣ ተክሉ አንድ፣ ዘይቱ አንድ ሆኖ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን «ምርታማ» ይላሉ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ ከፍ ማድረግም እንደሚወራው አይደለም። ተክሉ ቁመትና ግንድ ሲጨምር ክብደቱ ይጨምራል፤ ግንድ ውስጥ ግን ዘይት የለም ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ሲሰፋ ደግሞ ከረጢቶቹ ይራራቃሉ። በድርቅ የተጎዳ ናና ቅጠሉ ሲያንስ ከረጢቶቹ ተቀራርበው የዘይቱ መቶኛ ከፍ ሲል ይታያል፤ ይህን ያየ ጀማሪ «ውኃ መከልከል ይጠቅማል» ብሎ ይደመድማል፤ ሚዛኑ ላይ ሲያወጣው ጠቅላላው ዘይት ቀንሷል።

ዋናው ራስ ምታት ግን መለካቱ ነው። የዘይት መጠን በዓይን አይታይም። ለዚህ ሥራ ዛሬም በየቤተ ሙከራው ያለው ዕቃ አሜሪካዊው ክሌቬንጀር እ.ኤ.አ. በ1928 ያስተዋወቀው የመስታወት መሣሪያ ነው። ድቡልቡል ጠርሙስ ውስጥ 200 ግራም ያህል የተከተፈ ቅጠል ከውኃ ጋር ይገባና ከሥሩ ይሞቃል። እንፋሎቱ ሽቅብ ወጥቶ ውኃ በሚዞርበት ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ይጤዛል፤ ጠብ ጠብ እያለ መስመር የተሰመረባት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይወርዳል። ውኃው በጎን ባለው መመለሻ ወደ ጠርሙሱ ተመልሶ ይገባል፤ ዘይቱ ግን ቱቦዋ ላይ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አፍጥጦ ይጠብቃል፤ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ ከዚያ አንዲት ቢጫ ቀለበት፣ ከዚያ ቀስ እያለች የምትወፍር። ከሦስት ሰዓት በኋላ ቱቦዋ ላይ የሚነበበው አንድ ሚሊ ሊትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዝርያ መረጣ የሚፈልገው ብዛት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ 500 ችግኝ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ይለካ ቢባል 4,500 ሰዓት ነው። አንድ ጠርሙስ ይዞ በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራ ሰው ሰንበትንም በዓልንም ሳያከብር ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅበታል።

ስለዚህ አፍንጫ ይቀድማል። ደካማውን፣ የገማውን፣ ከሚፈለገው ጠረን የራቀውን በማሸት ብቻ ማስወገድ ይቻላል፤ የቀረው ጥቂቱ ወደ ጠርሙሱ ይገባል። አፍንጫም ገደብ አለው። ራሴ በአንድ ረድፍ ናና ላይ ሞክሬው ሰባተኛው ቅጠል ላይ ስደርስ ሁሉም አንድ ሆነብኝ፤ አብሮኝ የነበረው ባለሙያ ስቆ «ክንድዎን ያሽትቱ» አለኝ፤ በራስ ጠረን አፍንጫን ማሳረፍ መሆኑ ነው። ሠራልኝ ማለት አልችልም። ከጠርሙሱ የወጣው ዘይት ደግሞ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ወደሚባለው መሣሪያ ይሄድና በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ሜንቶል ስንት፣ ሊናሉል ስንት፣ ሲትራል ስንት ተብሎ።

ሌላው ወጥመድ ጊዜ ነው። በፔፐርሚንት ላይ የተደረገ ጥናት ቅጠሉ ዘይት የሚሠራው በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ቀን ዕድሜው ባለው ጊዜ እንደሆነ አሳይቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያበስለዋል እንጂ ብዙ አይጨምርም። በለጋው ቅጠል ሜንቶን ይበዛል፤ ሲጎለምስ ሜንቶኑ ወደ ሜንቶል ይለወጣል። እንግዲህ አንዱን ተክል ሰኞ ከዝናብ በፊት፣ ሌላውን ሐሙስ ከዝናብ በኋላ አጭዶ ያወዳደረ ሰው የመረጠው ዘሩን ሳይሆን የአየሩን ጠባይ ነው። ዕጩዎቹ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ጠዋት ታጭደው፣ በተለያየ ቦታና በተለያየ ዓመት ተደጋግመው ካልታዩ ውጤቱ አይታመንም።

*

አሁን ወደ አንድ ታሪክ እንግባ፤ የዚህ ሙያ ጭንቅ ሁሉ የተጠቀለለበት ነውና።

ፔፐርሚንት የምንለው፣ በማስቲካውና በጥርስ ሳሙናው የምናውቀው ናና፣ የዕፅዋት በቅሎ ነው። ከውኃ ዳር ናናና ከተለመደው የጓሮ ናና የተወለደ ዲቃላ ነው። አንዱ ወላጅ 96፣ ሌላው 48 ክሮሞሶም አላቸው፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ ሲያዋጡ ልጁ 72 ይዞ ይወለዳል። በቅሎ አባትሽ ማነው ስትባል እናቴ ፈረስ ናት ማለቷ ይነገራል፤ ፔፐርሚንት ሁለቱንም ወላጆቹን በጠረኑ አይደብቅም፤ ችግሩ እንደ በቅሎ መካን መሆኑ ላይ ነው። ያብባል፣ ንብ ይጎበኘዋል፣ የሚረባ ዘር ግን አይሰጥም። የሚራባው ተሳቢ ግንዱ እየተቆረጠ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን አጠገብ በምትገኘው ሚቸም በስፋት ይለማ ጀመር። ከዚያ ቁራጩ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። ስሙም ሳይቀር ተከተለው፤ ገበሬዎቹ ዛሬም «ሚቸም» ይሉታል። ከሚቺጋን እስከ ኦሬገን ያለው የዚህ ናና ማሳ እንግዲህ ከአንድ ተክል እየተቆረጠ የተዘረጋ አንድ አካል ያህል ነበር።

ይህ ለዘይት ነጋዴው ገነት ነው፤ ጠረኑ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። በሚቺጋን ካላማዙ ከተማ አልበርት ቶድ የሚባል ነጋዴ በዚህ ዘይት ሀብታም ሆኖ «የፔፐርሚንት ንጉሥ» እስከመባል ደርሷል፤ ከ1897 እስከ 1899 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት አባልም ነበር። ለበሽታም ግን ገነት ነው። እንሰት የሚያለማ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ አንዱን እግር የሚገድል አጠውልግ ተመሳሳዩን ሁሉ ይገድላል። በ1920ዎቹ ሚቺጋን ውስጥ ቨርቲሲሊየም የተባለ ፈንገስ ናናው ላይ ታየ። በሥር ይገባና የውኃውን መተላለፊያ ይዘጋል፤ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ይጠወልጋል፣ ተክሉ ይደርቃል። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ለዓመታት አይወጣም። ገበሬው ያልታመመ መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሸሸ፤ ፈንገሱም በቁራጩ ተሳፍሮ ተከተለው።

የዝርያ አሻሻይ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ማዳቀል ነው። ፔፐርሚንት ራሱ መካን ቢሆንም በሽታውን የሚቋቋሙ የናና ዘመዶች ነበሩ፤ በቶድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ሜሪት መሪ ለዓመታት ናናን ከናና ሲያዳቅል ኖሯል። ችግሩ ከረጢቶቹ ጋ ነው። የሚወለዱት ልጆች በሽታውን ይችላሉ፤ ዘይታቸው ግን ሌላ ነው። ማስቲካ ሠሪው ደግሞ «ትንሽ የተሻለ» ወይም «ትንሽ የተለየ» አይፈልግም፤ ትናንት የገዛውን ነው የሚፈልገው። ጤፍ ላይ አዲስ ዝርያ ሲወጣ እንጀራው ትንሽ ቢለይ ሰው ይለምደዋል። ሽታ ላይ ግን ሸማች ምሕረት የለውም፤ ጥርሱን ሲቦርሽ ጠረኑ ከተለወጠበት የሚጠረጥረው ሳሙናውን ነው።

እናም በ1955 እ.ኤ.አ. የሚቸም ናና ተሳቢ ግንዶች ኒው ዮርክ ግዛት ወደሚገኘው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተልከው በኤክስሬይና በኒውትሮን ተመቱ። የአቶም ዘመን ነው፤ ሁሉም ነገር ጨረር ይሞከርበት ነበር። ሐሳቡ ግን የዋዛ አልነበረም። ማዳቀል ግማሹን ዘር በአንዴ ይቀያይራል፤ ጨረር ደግሞ እዚህም እዚያም አንድ ፊደል እንደሚያበላሽ ጸሐፊ ነው። ከሚሊዮን ስሕተቶች ውስጥ አንዱ በሽታውን የሚያስችል ሆኖ፣ የዘይቱን አሠራር ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ያንን አንዱን ማግኘት ነበር ሥራው። በጨረር የተመቱት ግንዶች ሆን ተብሎ በፈንገሱ በተበከለ መሬት ላይ ተተከሉ፤ ተባዝተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተክሎች ሆኑ፤ አብዛኛው ሞተ። ያልሞተው እየተለቀመ እንደገና በታመመ አፈር ላይ ተተከለ፤ እንደገና ሞት፤ እንደገና መልቀም። የተረፈው ደግሞ ዘይቱ እየወጣ በማሽተትና በመቅመስ ተፈተነ። ከመጀመሪያው ጨረር እስከ ተፈቀደው ዝርያ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አለፈ፤ «ቶድስ ሚቸም» በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ «መሪ ሚቸም» ጥቂት ዘግይቶ ወጡ። በሽታውን ፈጽሞ አይነካቸውም ማለት አይደለም፤ ከእናታቸው ይሻላሉ፣ ዘይታቸውም የእናታቸው ነው። የቨርቲሲሊየም ጣጣ ዛሬም ከናና ማሳ አልወጣም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መሪ የዘይቱን መጠን በአንድ ግራም ልጨምር ብሎ አልተነሣም። የሞተ ማሳ ዘይት ስለማይሰጥ፣ ተክሉን በሕይወት ማቆየቱ ከማንኛውም የመቶኛ ጭማሪ የበለጠ ዘይት አስገኘ።

ሕንዶች ደግሞ ምርቱን በሌላ በኩል አገኙት፤ በቀን መቁጠሪያ። ሉክናው ያለው የመድኃኒትና የመዓዛማ ዕፅዋት ማዕከላዊ ተቋም ሜንቶል በብዛት የሚወጣበትን ሌላውን ናና ሲያሻሽል «ኮሲ» የተባለ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ አወጣ። በሦስት ወር ግድም የሚታጨድ ተክል ከስንዴ አጨዳ በኋላና ከሩዝ ተከላ በፊት ባለው ክፍተት ይገባል፤ ገበሬው ምግቡን ሳይነካ በትርፍ ወራት ዘይት ያገኛል ማለት ነው። ብልኅነቱ የተለካው በሄክታር ሳይሆን በቀን ነው። ሕንድ ዛሬ በተፈጥሮ ሜንቶል ገበያ ቀዳሚዋ ናት።

የፈረንሳይ ደቡብ ደግሞ ተቃራኒውን ያስተምራል። በፕሮቫንስ ተራሮች ከፍታው ላይ እውነተኛው ላቬንደር፣ ዝቅ ብሎ ካምፎር የሚሸተው ዘመዱ ይበቅላሉ፤ በሚገናኙበት ወገብ ላይ ንቦች ያዳቅሏቸዋል። ዲቃላው ላቫንዲን ይባላል። እሱም መካን፣ እሱም በቁራጭ የሚራባ፣ ግን ግዙፍና ጉልበተኛ፤ ከአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት የእናቱን ብዙ እጥፍ ነው። ገበሬው በደስታ ተቀበለው። ሽቶ ቀማሚው ግን ካምፎሩን አሸተተና ዋጋውን ዝቅ አደረገ፤ ላቫንዲን ወደ ሳሙናና ወደ ልብስ ማጠቢያ ዱቄት ወረደ፣ ላቬንደር ሽቶው ቤት ቀረ። «አብሪያል» የተባለው ዋናው ዝርያ በነፍሳት በሚተላለፍ በሽታ በ1970ዎቹ ሲመታ ኢንዱስትሪውን ያዳነው ከቤተ ሙከራ የወጣ ነገር አልነበረም፤ በቮክሉዝ ፒየር ግሮሶ የሚባል ገበሬ በሽታው መካከል ጤነኛ ሆኖ የቆመ ተክል አይቶ ማባዛቱ ነው። «ግሮሶ» የተባለው ይህ ዝርያ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን የላቫንዲን ማሳ ይዟል። አንድ ዝርያ ወድቆ ሌላ አንድ ዝርያ መተካቱን ያየ ሰው ትንሽ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ከከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ማዘዝስ አይቻልም? በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሮድኒ ክሮቶ ለአሥርት ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው፤ ሜንቶል እስኪገኝ ድረስ ናናው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች አንድ በአንድ። ከመጨረሻዎቹ ደረጃዎች በአንዱ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ሜንቶን ከዚያም ወደ ሜንቶል፣ ሌላው ገዢ ወደማይወደው ሜንቶፉራን። እ.ኤ.አ. በ2001 ክሮቶና ባልደረባው መሐሙድ ባወጡት ሥራ ወደ ሜንቶፉራን የሚወስደውን ዘረ መል ሲያዳክሙት መጠኑ ከግማሽ በታች ወረደ። መንገዱ ከሚጀምርበት አካባቢ ያለውን ሌላ ዘረ መል ሲያበረቱት ደግሞ በአንዳንዶቹ ተክሎች ጠቅላላው ዘይት እስከ 50 በመቶ ጨመረ። ለሙያው ትልቅ ዜና ነበር። ማሳውን ግን አልወረሰም፤ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል ለሚሸጥ ገበያ በዘረ መል የተለወጠ ናና ማቅረብ ቀላል አይደለም። ለአሻሻዩ የተረፈው ዕውቀቱ ነው፤ ከዚህ በኋላ የትኛው የዘር ክፍል ላይ ማተኮር እንዳለበት ያውቃል።

*

ወደ ጓሮአችን እንመለስ። ኮሰረትን ማን አሻሻለው? ስሙ የተመዘገበ ሰው የለም። ከጎረቤት ቁራጭ ለምና በር አጠገብ የተከለች ሴት፣ ጠረኑ የደከመውን ነቅላ የበረታውን ያስቀረች ሴት፣ ከእሷ በፊት እናቷ። ውጤቱ ግን በመሣሪያ ይነበባል። የዕፅዋት ሊቃውንት ኮሰረትን ከዱር ወንድሙ ጋር በአንድ ዝርያ ውስጥ ሁለት ክፍል አድርገው ያስቀምጧቸዋል፤ የሁለቱ ዘይት ግን የተራራቀ ነው። የጓሮው ኮሰረት ዘይት በአብዛኛው ሊናሉል ነው፤ በድንብላል ፍሬና በላቬንደር አበባ ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር። እንዲህ ያለ ለውጥ አፍንጫ ካልመረጠው በራሱ አይመጣም ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ባለሙያዎች ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። የኮሰረትን ሊናሉል ከፍ ማድረግ እንደ ግብ ሲቀርብ እሰማለሁ። ሊናሉል ከፋብሪካ በርካሽ የሚወጣ ነገር ነው፤ ኮሰረትን ወደ ንጹሕ ሊናሉል መግፋት ከፋብሪካው ጋር በዋጋ እንዲሽቀዳደም መላክ ነው፤ እንደሚሸነፍ የታወቀ ነው። ክትፎው ላይ ኮሰረትን ኮሰረት የሚያሰኘው ቀሪው ጥቂት መቶኛ ነው፤ በሰንጠረዡ ግርጌ በጥቃቅን ቁጥር የሚሰለፈው። አሻሻዩ መጠበቅ ያለበት እሱን ይመስለኛል።

በአገራችን ይህ ሥራ በሳይንስ ደረጃ የተያዘው በተለይ በወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ከሻሸመኔ ብዙ ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፍል ውኃው አጠገብ። ጠጅ ሳር፣ ጥብስ ቅጠል፣ ናና፣ ኮሰረት፣ ከውጭ የመጡ ሌሎችም እዚያ ጎን ለጎን ይፈተናሉ። ጠጅ ሳር የሚያስቸግር ደንበኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ካልሆነ አያብብም፣ ካላበበ አይዳቀልም። ሕንድ ያለው ዘመዱ ስለሚያብብ እዚያ በዘር ማሻሻል ተችሏል። በእኛ ጠጅ ሳር ላይ የሚቻለው ከየአካባቢው ሰብስቦ፣ ግንዱን ገንጥሎ ተክሎ፣ ማጨድና ማወዳደር ነው። ሲትራሉ የበዛለት፣ ከአጨዳ በኋላ ቶሎ የሚያቆጠቁጠው ይመረጣል።

ጦስኝ ደግሞ ገና ከዱር አልወጣም ማለት ይቻላል። በባሌ፣ በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ደጋ ላይ ምንጣፍ ሆኖ የሚገኘው ይህ ተክል የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ቆራጩም አብዛኛውን ጊዜ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ከአንዱ ተራራ የተወሰደው ዘይቱ ታይሞል ሲበዛበት፣ ከሌላው የተወሰደው ካርቫክሮል ይበዛበታል። ለአሻሻይ ይህ ልዩነት ገና ያልተከፈተ ጎተራ ነው፤ ሻይ ጠጪው አንዱን ተራራ ቢለምድም፣ መድኃኒት ቤት ሌላውን ሊፈልግ ይችላል። ከየተራራው ቁራጭ ሰብስቦ አንድ ማሳ ላይ መትከል የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ግማሹ ልዩነት የአፈሩና የብርዱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ግማሹ የዘሩ። የሚለየው አንድ ቦታ ተተክሎ ሲታይ ነው።

እመለሳለሁ ያልኩት ጉዳይ የሚዛኑ ነው። ገበሬው በመኪና ጎን ቆሞ ቅጠሉን በማዳበሪያ ከረጢት ያስረክባል። ተረካቢው ከረጢቱን ሚዛን ላይ ያወጣል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ብሩን ይቆጥራል። አረቄ የሚገዛ ሰው ስንት ኪሎ ጌሾ እንደገባበት አይጠይቅም፤ ቀምሶ፣ ዳገም መሆኑን አይቶ ነው የሚገዛው። እዚህ ግን የሚገዛው ጌሾው ነው። በምርምር ማዕከል አሥር ዓመት የተደከመበት፣ ቅጠሉ ትንሽ ዘይቱ ብዙ የሆነው ዝርያ ለዚህ ገበሬ ብር የሚቀንስ ዝርያ ነው። ዘይት አውጪው ማገዶ ተረፈው፣ ዘይት ጨመረለት፤ ገበሬው ከረጢቱ ቀለለበት።

ከእያንዳንዱ ገበሬ ጭነት ሁለት መቶ ግራም ወስዶ በክሌቬንጀር ጠርሙስ ሦስት ሰዓት ማፍላትና በዘይቱ መክፈል ይቻላል፤ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። መኪናው ግን ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፣ ቅጠሉም ጥላ ካላገኘ ይሞቃል። ገበሬው ብሩን መቁጠር ጨርሶ ባዶ ከረጢቶቹን ያጥፋል፤ ማሳው ጥግ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥቋጦ አለው፣ አንዱ ቅጠለ ሰፊ፣ አንዱ ቅጠለ ደቃቅ። ክረምቱ ሊገባ ነውና የሚተክለውን ቁራጭ ነገ ጠዋት መቁረጥ ይጀምራል።